መድኃኒቱን ያቋረጠው ማን ነው?

መድኃኒት ስለተላመደ ቲቢ በተነሣ ቁጥር ነገሩ የሚዘጋው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሰዉ ትንሽ ሻል ሲለው መድኃኒቱን እየጣለ ነዋ!» ይህን የሚለው የሰፈር ሰው ብቻ አይደለም። ነርሱም ይለዋል፣ ሐኪሙም ይለዋል፣ በሬዲዮ የጤና ትምህርት የሚሰጠውም ይለዋል። በሽተኛው ራሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀብሎታል። አባባሉ አጭር ነው፤ ለማስታወስ ይቀላል፤ ከበሽተኛው በቀርም ማንንም አያስጠይቅም። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ፤ ስሕተትነቱም ሰው የሚገድል ዓይነት ነው።

የዚያን ወገን ክርክር አሳንሶ ማቅረብ ግን አይገባም፤ ጠንካራ ክርክር ነውና። የቲቢ ባክቴሪያ ዝግተኛ ፍጡር ነው። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፤ የቲቢው ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። ሰም በመሰለ ወፍራም ቅባት የተለበጠ ግድግዳ አለው። ከመካከሉም መባዛቱን ትቶ አድፍጦ የሚቀመጥ አይጠፋም፤ መድኃኒቶቹ ደግሞ ቶሎ የሚገድሉት እየተባዛ ያለውን ነው። መደበኛው ሕክምና 6 ወር የሚወስደው ስለዚህ ነው፦ ለ2 ወር ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድነት፣ ለቀሪው 4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። በሽተኛው ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳቱ ይወርድለታል፣ የሌሊት ላቡ ይቆማል፣ ሳሉም ይቀልለታል። «ድኛለሁ» ብሎ የተወው እንደሆነ ያደፈጡት ይነሣሉ። ቁጥሩም የሚደግፋቸው ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ሪፋምፒሲንን የተላመደው ቲቢ የተገኘው በአዲስ በሽተኞች ላይ 3.2 በመቶ፣ ቀድሞ ታክመው በሚያውቁት ላይ ግን 16 በመቶ ነው። አምስት እጥፍ! ታዲያ ጥፋተኛው ታውቆ የለም?

ሕክምናን ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን አልክድም። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ክኒኑን የሚተው ሰው ካለ ነገሩ ጨርሶ አልገባውም። የምሟገተው ከዚህ አልፎ የሚመጣውን ፍርድ ነው፦ የተላመደው ቲቢ የተወለደው ከበሽተኛው ግዴለሽነት ነው፤ መድኃኒቱም በሽተኛውን መቆጣጠርና መገሠጽ ነው የሚለውን። ይህ ፍርድ በባክቴሪያው ተፈጥሮም፣ በበሽታው መተላለፊያም፣ በሕክምናው ታሪክም ሲመዘን ይወድቃል።

ከባክቴሪያው እንነሣ። መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ክኒን በመዘለሉ አይፈጠርም። ባክቴሪያው ሲባዛ ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹም መድኃኒት እንዳይነካው ያደርጉታል። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ያህል በአይሶናያዚድ፣ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ያህል በሪፋምፒሲን የማይሞት ሆኖ ይገኛል፤ ያውም በሽተኛው አንዲት ክኒን ሳይውጥ። ቲቢ በሳንባ ውስጥ የቦረቦረው አንድ ጉድጓድ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። አይሶናያዚድን ብቻውን ብትሰጡት በብዙ የሚቆጠሩ ከሞት የሚያመልጡ አስቀድመው ይጠብቁታል። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ብትሰጡት ግን ከሁለቱም የሚያመልጠው ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው፤ ያን ያህል ባክቴሪያ የሚይዝ ሳንባ ደግሞ የለም። እንግዲህ ወሳኙ ነገር ባክቴሪያውን በአንድ ጊዜ የሚገጥሙት የሚሠሩ መድኃኒቶች ብዛት ነው። ይህን የሚወስነው ማን ነው? የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ባክቴሪያ እንደሚሆን የመረመረው፣ ያዘዘው፣ የገዛውና ያደለው ክፍል ነው ወይስ ካርዱን ይዞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰውዬ?

ለዚህ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ሩትገርስ፣ በሴልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ፣ በአልበርት ሻትዝ እጅ ተገኘ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት መድኃኒቱን በ107 በሽተኞች ላይ ፈትኖ ውጤቱን በ1948 አሳተመ። 55ቱ መርፌውን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፤ 52ቱ ዕረፍት ብቻ። በ6 ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ተአምር ተባለ። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ነበር፤ ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱም መርፌውን ካገኙትና ባክቴሪያቸው ከተመረመረው አብዛኞቹ ዘንድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። መድኃኒቱን የሚወጋቸው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው። «ሻል ብሎኛል» ብሎ የጠፋ፣ ክኒን በኪሱ የደበቀ፣ ጠበል ሄጄ እመለሳለሁ ያለ የለም። ከዚህ የበለጠ ቁጥጥር ከየት ይመጣል? ባክቴሪያው ግን ተላመደ፤ ጥፋቱ መድኃኒቱ ብቻውን መሰጠቱ ነበርና። ስትሬፕቶማይሲንን ፓስ (PAS) ከተባለ ሌላ የቲቢ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት ሲጀመር መላመዱ እጅግ ቀነሰ። ለውጡ የመጣው በሐኪሙ ማዘዣ ላይ ነው፤ የበሽተኛው ጠባይ እንደነበረ ነው።

ወደ መተላለፊያው እንለፍ። ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። በሽተኛው ሲስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍንና ሲናገር የሚወጡት ጠብታዎች ደርቀው ከ5 ማይክሮን የማይበልጡ ቅንጣቶች ይሆኑና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። የተላመደውም ባክቴሪያ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ወደ አዲስ ሳንባ ሲገባ መላመዱን ይዞ ይገባል። የሦስት ዓመት ሕፃን ከአያቷ የተላመደ ቲቢ ቢጋባባት ያቋረጠችው መድኃኒት የትኛው ነው?

ይህ የክርክር ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ አፍሪካ ኩዋዙሉ ናታል፣ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 መድኃኒቶችን አብዝቶ የተላመደ ቲቢ የያዛቸው 53 ሰዎች ተገኙ። 52ቱ ሞቱ፤ ግማሾቹ አክታ በሰጡ በ16 ቀን ውስጥ። ከመካከላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ ወስደው አያውቁም ነበር። ከዓመታት በኋላ በዚያው ክፍለ ሀገር እንዲህ ያለ ቲቢ የያዛቸው 404 ሰዎች ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2017 ሲወጣ 69 በመቶዎቹ በሽታውን ያገኙት ከሌላ ሰው ተላልፎባቸው እንጂ በራሳቸው ሕክምና መበላሸት እንዳልሆነ አሳየ። የባክቴሪያውን ዘረመል ያነበቡ ተመራማሪዎችም፣ የዚያ ዝርያ ቅድመ አያት አይሶናያዚድን የተላመደው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ መሆኑን ገምተዋል። ብዙዎቹ በሽተኞች ያን ጊዜ አልተወለዱም።

«አምስት እጥፍ» የተባለውስ ቁጥር? በእጃችን እንሥራው። 1,000 የቲቢ በሽተኞች አሉ እንበል፤ 900ው አዲስ፣ 100ው ቀድሞ የታከሙ። ከ100ው 16 በመቶ ማለት 16 ሰው ነው። ከ900ው 3.2 በመቶ ማለት ደግሞ ወደ 29 ሰው። ከ45ቱ ሰዎች አብዛኞቹ መድኃኒት ጀምረው የማያውቁ፣ ስለዚህም ሊያቋርጡ የማይችሉ ናቸው። በመቶኛው ትልቅ የመሰለው በሰው ብዛት ትንሹ ሆነ። ክሱ የተመሠረተበት ቁጥር ራሱ ከሳሹን አይደግፍም።

እሺ፣ እነዚያ 16ቱስ? «ቀድሞ የታከመ» የሚለው መዝገብ «መድኃኒት የጣለ» ተብሎ ይነበባል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ግን ስድስቱን ወር ጨርሶ በሽታው ያገረሸበትም አለ፤ አንድ ቀን ሳይቀር ወስዶ ያልዳነም አለ፤ ድኖ እንደገና ከሰው የተጋባበትም አለ። ሳይድን የቀረው ለምንድን ነው? ለብዙ አሥርተ ዓመታት የምርመራው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። የአክታው ስስ ቅብ ቀለም ተነክሮ ሲታይ ባክቴሪያው በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀጭን ቀይ ዘንግ ብቅ ይላል። በመድኃኒት የሚሞተውም ቀይ ዘንግ ነው፤ የማይሞተውም ቀይ ዘንግ ነው። ባለሙያው ዓይኑ እስኪፈዝ ቢያይ አይለያቸውም። የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላቦራቶሪ ይለያቸዋል፤ ባክቴሪያው ዝግተኛ ስለሆነ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ላቦራቶሪውም በየቦታው የለም። የሪፋምፒሲንን መላመድ በ2 ሰዓት ገደማ የሚያሳየውን ጂን ኤክስፐርት የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው በ2010 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ከጅምሩ የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው የሚሰጠው ያው የተለመደው ክኒን ነበር። ታማኝ ሆኖ ይውጣል፤ አይሠራለትም፤ በወራት ውስጥ ይከሳል፤ ቤተሰቡን ያስይዛል፤ በመጨረሻ «መድኃኒቱን በትክክል አልወሰድክም» ይባላል።

የባሰው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነበር። በመጀመሪያው ሕክምና ያልዳነ ሰው በመመሪያው መሠረት ሁለተኛ ምድብ ወደሚባለው ሕክምና ይዛወር ነበር። ምንድን ነው? ያው የከሸፉት መድኃኒቶች፣ አንድ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ታክሎባቸው። መድኃኒት በሚከሽፍበት ሕክምና ላይ አንድ ብቻ መጨመር ባክቴሪያውን አዲሱንም እንዲላመድ ማሠልጠን መሆኑ ከ1948 ጀምሮ ይታወቃል። የሕክምና ተማሪ ቢያደርገው ፈተና የሚወድቅበትን ነገር መመሪያው አዘዘ፤ የእኛም አገር መመሪያ እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ አሠራር እንዲቀር የመከረው በ2017 ነው። በፔሩ መዲና ሊማ ሰሜናዊ ዳርቻ ካራባዮ ላይ ሐኪሙ ፖል ፋርመርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ያዩት ይህንኑ ነው፦ ሰዎቹ በጤና ሠራተኛ ፊት መድኃኒታቸውን ውጠዋል፤ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር ግን ባክቴሪያቸው የሚላመደው መድኃኒት እየበዛ ሄደ። ትእዛዝ ያከበረው በሽተኛ በትእዛዙ ተጎዳ። በዚህ ላይ ግዴለሽ የሚባለው ማን ነው?

አሁን በእርግጥ ወደሚያቋርጡት እንምጣ፤ አሉና። ለምን እንደሚያቋርጡ ግን ጠጋ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። የቀን ሠራተኛ የሚቀጠረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ፣ አሠሪ መጥቶ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» ብሎ ሲመርጥ። ጤና ጣቢያው የሚከፍተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ክኒኑን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥ ሰው የዚያን ቀን እንጀራውን ይተዋል፤ እንጀራውን ከመረጠ ክኒኑን። መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ደግሞ የጠፋው የምግብ ፍላጎት ተመልሶ ይመጣል፤ ምግቡ ግን አብሮ አይመጣም። በባዶ ሆድ የተዋጠው ክኒን ያቅለሸልሻል። ሽንቱ ብርቱካንማ ሲሆን ይደነግጣል፤ አስቀድሞ የነገረው የለም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ እውነት ነው። ትራንስፖርቱ፣ ራጁ፣ የቀረው የቀን ሒሳብ ግን ከማን ኪስ ነው? በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ፣ ቲቢ ከገባባቸው ቤተሰቦች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከዓመት ገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወጪ ወይም ኪሳራ ይሸከማሉ። ነፃ የሆነው ክኒኑ ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም።

የተላመደውን ቲቢ የሚታከሙት ደግሞ ሌላ ዕዳ ነበረባቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ይወስድ ነበር፤ ለወራትም ካናማይሲን፣ ካፕሪዮማይሲን ወይም አሚካሲን በየቀኑ ይወጉ ነበር። እነዚህ መርፌዎች ጆሮ ይጎዳሉ። ብዙ ሰው ከቲቢ ድኖ መስማት አቃተው። ጆሮው እየደነቆረበት መርፌውን ለሸሸ ሰው «ኃላፊነት የማይሰማህ» ማለት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? መርፌውን የሚተካ መድኃኒትስ የት ነበር? ከሪፋምፒሲን በኋላ ቤዳኩሊን በ2012 አሜሪካ ውስጥ እስኪፈቀድ ድረስ 40 ዓመት ያህል አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት አልወጣም። በሀብታም አገሮች በሽታው ስለቀነሰ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ምርምሩም ቆመ። በታሪክ ትልቁ መቋረጥ ይህ ነው፤ ያደረገው ግን በሽተኛ አይደለም። ዛሬ የተላመደው ቲቢ ለብዙዎች በ6 ወር፣ ያለ አንዲት መርፌ፣ በክኒን ብቻ የሚታከምበት መንገድ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ደግፎታል። ሕክምናው ሲያጥር የሚጨርሰው ሰው ቢበዛ የሰዎቹ ጠባይ ተለወጠ ልንል ነው?

በሽተኛው ሲታገዝ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ሩቅ አይሂድ። በኢትዮጵያ የተላመደው ቲቢ ሕክምና በ2009 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ጎንደርም ተከተለ። ውጤታቸው በ2015 ከታተመው 612 በሽተኞች 98.5 በመቶዎቹ ቀድሞ ታክመው የሚያውቁ ነበሩ፤ በተለመደው አባባል «መድኃኒት የጣሉ» የሚባሉት። ሕክምናው ረጅም ነው፤ መርፌ አለበት፤ ሰዎቹ ከስተው ነው የመጡት። ነገር ግን ብዙዎቹ ቤታቸው ሆነው ታከሙ፤ ምግብ ተሰጣቸው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ተከታትሎ ታከመላቸው፤ ቤታቸው ድረስ የሚሄድ ሰው ነበር። 78.6 በመቶዎቹ በተሳካ ሁኔታ ጨረሱ። ከክትትል የጠፉት 5.9 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ የዓለም አማካይ ስኬት ግማሽ ገደማ ነበር። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ድህነታቸውም ያው ነው። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው አሠራር ነው። ጉዳዩ አዲስም አይደለም። በ1956 በሕንድ ማድራስ የተጀመረው ጥናት፣ በተጨናነቀ ቤታቸው ሆነው የታከሙት ድሆች በሳናቶሪየም (በቲቢ ሕሙማን ማረፊያ) አልጋና ምግብ ካገኙት ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል፤ መድኃኒቱ ስለደረሳቸውና የሚጠይቃቸው ነርስ ስለነበረ።

«ይህን ሁሉ ብንቀበል እንኳ፣ በሽተኛውን ከወቀሳ ነፃ ካወጣነው ይዘናጋል» የሚል መከራከሪያ ይቀራል። እስኪ ወቀሳው ምን እንደሚሠራ እንይ። ሁለት ሳምንት ያልመጣ በሽተኛ ተመልሶ ቢመጣ በሰው ፊት እንደሚሰደብ ያውቃል። ስለዚህ አይመለስም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን የምንተርት እኛው፣ የገለጠውን እናሳፍራለን። ተገቢውን መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን የማስተላለፍ ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚያስተላልፈው ያልታወቀውና የተደበቀው ነው። ወቀሳ ሰውን ወደ መደበቅ ከገፋ፣ ወቀሳ ራሱ የቲቢ ማሠራጫ ሆነ ማለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ይሏል ይህ ነው፦ በጀቱን፣ ላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒት አቅርቦቱን መጠየቅ ሲከብድ በትሩ አቅም በሌለው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ከሕክምናው ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» መሆኑ ይብቃ። ባክቴሪያው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ሕክምናው ሳይጀመር ተመርምሯል? መድኃኒቱ አንድ ሳምንት እንኳ ከመደርደሪያው ጠፍቶ ነበር? ጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሰው በሚችለው ሰዓት ይከፈታል? የሚበላው አለው? ሲያቅለሸልሸው ማን ጠየቀው? የእነዚህ መልስ ሳይያዝ «አቋረጠ» ብሎ መዝገብ መዝጋት የሕክምና ሥራ ሳይሆን የሕክምናን ጉድለት መሸፈኛ ነው። የተላመደው ቲቢ የተሠራው አንድ መድኃኒት ብቻውን በሰጠ ማዘዣ፣ ሳይመረምር ባከመ ክሊኒክ፣ የከሸፈውን በደገመ መመሪያ፣ 40 ዓመት በተኛ ምርምርና በተዘጋ መስኮት ውስጥ ነው። በሽተኛው የዚህ ሁሉ ተሸካሚ እንጂ ሠሪ አይደለም። ተጠያቂነት ይኑር፤ ግን ከላይ ይጀምር። የሚሠራ መድኃኒት፣ በጊዜው የደረሰ ምርመራ፣ ምግብና ክብር የቀረበለት ሰው ሕክምናውን እንደሚጨርስ ቅዱስ ጴጥሮስ አሳይቷል። ያን ሁሉ ሳናቀርብ የምንሰነዝረው ወቀሳ አንድም ባክቴሪያ አይገድልም።